ወባ ነው አልኩ

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ነበር። በእኛ በኩል መብራቱም፣ ስልኩም፣ መንገዱም ተራ ገብተው የሚጠፉና ተራ ገብተው የሚመጡ ስለሆነ ፍኖተ ሰላም መብራት ጠፋ ብዬ ማንንም ላስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ከቤታችን ማዶ የሚሠራው ወጣት ልብስ ሰፊ ሲቸግረው የኤሌክትሪክ ካውያውን ወዲያ አስቀምጦ ከዘመድ ቤት አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ ተውሶ መጣ። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄን ደብተር እያረምኩ ነበር፤ ጡረታ ወጥቼም ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አልወጣም። ካውያው ግሎ ውኃ የተረጨበትን ጨርቅ ሲነካው "ቺስ" አለና ያ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እርጥብ ጨርቅ፣ ከሰል፣ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት። ቀና ስል ባለቤቴ ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ለእሷም ደርሷታል። ብዙ ዓመት አብረው ያረጁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር አያወሩትም፤ "ጨርቁን ሊያቃጥለው ነው እኮ" ብላ ነጠላዋን እየሳበች ልታሳየው ተሻገረች። እኔም ደብተሩን ከደንኩት።

ወደዚህች ከተማ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ጎፈሬዬ በር አያስገባኝም ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ይለፉኝ፤ በእኛ አገር ዓመተ ምሕረት ከተጠራ ሌላ ብዙ ነገር ተጎትቶ ይመጣል። ሱሪ ከጉልበት በታች እየሰፋ ወርዶ ጫማ የሚሸፍንበት፣ የሸሚዝ ኮሌታ እንደ አሞራ ክንፍ ትከሻ ላይ የሚዘረጋበት ዘመን ነበር ካልኩ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ገና በድሮ ስሟ ወጀት ይሏት ነበር። ትልቁ መንገድ ጠጠር ስለነበር የባሕር ዳር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ከተማው በሙሉ ያስነጥሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከቡሬና ከማንኩሳ የሚመጣው በርበሬ በየደጁ ሲሰጣ አቧራም ሳይኖር እናስነጥሳለን። እንቁላል በስሙኒ አምስት ነበር። ማንጎ በወቅቱ ከሆነ ዋጋ አልነበረውም፤ የሚጠፋው የሚበላው ሰው ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ቴፕ ስለነበረው ዘፈን የወደደ ሰው ካሴት መግዛት አያስፈልገውም፤ አንድ ሻይ አዝዞ ጥግ መያዝ ነው። ሻዩ አልቆ ዘፈኑ ካላለቀ ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አሁን በዚያ ቦታ ባጃጆች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈን ይዞ።

ሱሪዬ መጀመሪያ የተቀደደው በእውነት ነው፤ የመምህራን ክፍል ወንበር ሚስማር ነበረው። ገበያው አጠገብ ያሉት ሁለት ሰፊዎች ዘንድ ወረፋው አያድርስ ስለነበር ወደ ታችኛው መንገድ ስወርድ አንድ በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴትና አንዲት ልጅ አየሁ። ደንበኛ የለም። ሌላው ጋ እየተጋፋ እዚህ ለምን ሰው እንደሌለ ለመመርመር ጊዜ አልነበረኝም፤ ከኋላዬ ነበር የተቀደድኩት። ሴትዮዋ፣ እማማ የሻረግ ናቸው፣ ወገቤ ላይ የማገለድመው ጋቢ ሰጡኝና ልጃቸው ሱሪዬን ተቀብላ እዚያው ሰፋችው። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። ከዚያን ቀን ወዲያ ለሦስት ወር ሱሪዬ መቀደዱን አላቆመም። ሚስማር ሲታጣ ምላጭ ነበረኝ።

"መምህር" አለችኝ አንድ ቀን ይታይሽ ቀና ሳትል፣ "ሌሎቹ መምህራን ጠመኔ ይጨርሳሉ፤ እርስዎ ሱሪ ነው የሚጨርሱት።"

ነገሩን የነገረኝ የሒሳብ መምህሩ ነው፤ የከተማው ተወላጅ ነበር። በእረፍት ሰዓት ወደ ጥግ ወሰደኝና "አንተ፣ ከዚያ ቤት ታሰፋለህ እንዴ?" አለኝ።

"ጥሩ ይሰፋሉ" አልኩት።

"መስፋትስ ይሰፋሉ። ሰውዬው ራሱን ያጠፋበት ቤት ነው እኮ! አገር የሚሸሸውን ቤት አንተ ምን አስጠጋህ?"

እኔ የመራዊ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ለከተማዋ እንግዳ ነበርኩ። ወደዚያ በረንዳ የሚሄደው እንደ እኔ ያለ ያልሰማ ሰው ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አዲስ የተመደበ መምህር፣ የጤና ጣቢያ ሰው፣ መንገድ ሊሠራ የመጣ ቀያሽ። ከሰማ በኋላ የሚመለስ ጥቂት ነው።

ጋሽ ይግዛውን፣ የይታይሽን አባት፣ በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ከመምጣቴ አራት ዓመት በፊት ነው የሞቱት። ግን እናትና ልጅ ካወጉኝ የተነሳ አብሬያቸው የኖርኩ ያህል አውቃቸዋለሁ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ በዓይናቸው ለክተው "ወገብ ሰባ ስምንት፤ ባለፈው ሳምንት ሰባ አምስት ነበር፣ ሠርግ ቤት ከርሟል" የሚሉ ተጫዋች ነበሩ። የተማሪውን ሁሉ የደንብ ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ከትልልቁ ልብስ የሚተርፈውን ቁራጭ ያጠራቅሙና አቅም ለሌለው ልጅ አንድ ሙሉ ልብስ አውጥተው "በስሕተት ትርፍ ሰፍቼ ነው፣ ቦታ አጣበበብኝ፣ ውሰድልኝ" ይሉት ነበር። በአንድ ክረምት እንቅልፍ እንቢ አላቸው። ጨዋታው ቀረ፣ ምግብ ቀረ። ጠበል ተወስደው ተመለሱ። መስከረም ጠብቶ ሰው ሁሉ የልጆቹን ልብስ ተረክቦ ከጨረሰ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ለምን? ይታይሽ እስከ ዛሬ ታስበዋለች፣ እስከ ዛሬም አታውቀውም። ከተማው ግን በዚያው ቀን አወቅሁ አለ። አንዱ እርግማን ነው አለ፤ አንዱ ሚስትየዋ ናት አለ፤ አንዱም ዘሩ ነው አለ።

የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። ስምንት ሰዎች ሆነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሯቸው፤ ከስምንቱ አንዳቸውም ወደ ለቅሶው ቤት አልተመለሱም፣ ከመቃብሩ በየፊናቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወንፊት የሚዋስ ጎረቤት ጠፋ። መልእክት የሚላክ ልጅ በዚያ ደጅ እንዳያልፍ ተነገረው። ይታይሽ ሦስት ልጅ በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሁለት ዓመት ተማረችና ስምንተኛን ስትጨርስ ተወችው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ያን ወንበር እንኳ አሳይታኛለች። የሟቹንም ስም የሚጠራ አልነበረም። "ያ ሰውዬ" ሆኑ። እማማ የሻረግ ግን መኪናውን አልሸጡትም፤ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ባላቸው ሲሰፉ ያዩትን እያስታወሱ፣ ጨርቅ እያበላሹ፣ እየፈቱ፣ መስፋት ተማሩ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ከዚያ በረንዳ አልቀረሁም፤ እዚህ ላይ ራሴን ላመስግን። የማልመሰገንበት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከይታይሽ ጋር ተዋደድን፤ እንዴት እንደተዋደድን ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ሽማግሌ ልልክ ነው ስላት መኪናውን አቆመችና "ላባትህ ነግረሃቸዋል?" አለችኝ። ስለ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም። "ነግሬያለሁ" አልኳት። አልነገርኩም። አባቴ ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤዬን የሚያነቡላቸው የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ለአባቴ የጻፍኩት ለአገር የተነበበ ማለት ነው። እናም "ልጅቱ ጨዋ ናት። አባቷ በወባ ሞተው ከእናቷ ጋር ትኖራለች" ብዬ ጻፍኩ። በብር ሸለቆ ቆላ በኩል ወባ የማይገድለው ሰው ስላልነበረ የሚመረምረኝ አይኖርም። በአንድ ቃል ሁለት ሰው ዋሸሁ።

አባቴ በጥር ማለቂያ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ካኪ ኮትና ቁምጣ ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ጫፉ በሽቦ የተጠመጠመ ዱላቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ለእኔ ከዚያ በላይ የሚያምር ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው አብሮ አይሄድምና ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ ቀረሁ። አራት ሻይ ጠጣሁ፤ ዘፈኑ ምን እንደነበር አላስታውስም። እዚያ የሆነውን ይታይሽ ጓዳ ሆና ሰምታለች።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ጠየቁ። እማማ የሻረግ አስቀመጧቸው፣ እጅ አስታጠቡ፣ ማዕድ ዘረጉ። ከዚያ እሳቸው ቆሙ።

"አባቶቼ፣ ሳትሰሙ እሽ አልላችሁም። ባለቤቴ በምን እንደሞተ ልጁ ነግሯችኋል?"

"በወባ ነው ብሎናል፤ ነፍሳቸውን ይማር" አሉ አባቴ።

"ወባ አይደለም። በገዛ እጁ ነው። ያን ጊዜ 'አብዶ ነበር በይና ፍትሐት ይደረግለት' ብለው መከሩኝ። አላበደም። እንቅልፍ አጥቶ ታመመ እንጅ አላበደም። አርብ ዕለት እንኳ የሰው ልብስ ሰፍቶ፣ ተኩሶ፣ አጥፎ ለየባለቤቱ ሰጥቷል። አብዶ ነበር ብል ልጄ የእብድ ልጅ ልትባል ነው፤ አላበደም ብል እሱ ያለ ጸሎት ሊተኛ ነው። ያየሁትን ተናገርሁ። ልክ ልሁን አልሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እናንተ ግን አውቃችሁ ውሰዱ፣ ወይም አውቃችሁ ተዉ።"

አባቴ የታጠቡትን እጃቸውን እንጀራው ላይ ሳያሳርፉ ተነሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራ ተጋብተው ተከተሏቸው። የተዘረጋ ማዕድ ጥሎ መውጣት በእኛ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በጥፊ መምታት ይሻላል ብዬ ልለፈው።

አባቴ ወደ ሻይ ቤቱ ሲመጡ ነገሩን ከእርምጃቸው አወቅሁት። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው "ወባ አልኸኝ" አሉ።

"አባቴ፣ ይስሙኝ…"

"መሪጌታ ፊት ወባ ተብሎ ተነበበ።"

"ልጅቱ ምን አጠፋች?"

"ልጅቱ ምንም አላጠፋች። እናቷም ወንድ ሴት ናት፤ እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም። አንተ ግን አታገባትም።"

"ለምን?"

"አንድ ወገን ይበቃል!" አሉና ዱላቸውን ወደ መናኸሪያው አዞሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። በቁጣ የወጣ ቃል መሰለኝ። ወደ ቡሬ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍረው በዚያው ከሰዓት ሄዱ።

ይታይሽ ዘንድ ስደርስ መኪናዋ ላይ ነበረች፤ እግሯን አላቆመችም። "ከተማው በፊቴ ነው የሚያፍርብኝ" አለችኝ። "አንተ በጓሮ ነው ያፈርህብኝ። እናቴ ለማታውቃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ቆማ የነገረችውን አንተ ለገዛ አባትህ መንገር አቃተህ።" እውነት ነው። ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ሱሪዬ በዚያን ሰሞን ያለ ምላጭ በራሱ ተቀደደ፤ በመርፌ ቁልፌን አያይዤ፣ በወረቀት ማያያዣ ጠርዤ አስተማርኩ። ተማሪዎቹ አይተው ሳቁ። አሁን ማዶ ቆማ ያንን ወጣት ጨርቁ ላይ ውኃ አረጫጨት ስታሳየው አያታለሁ፤ ያን ጊዜ በቁጣ ያዞረችብኝ ጀርባ ያው ነው፣ ትንሽ ጎብጧል እንጂ። ዛሬም ስትቆጣ ፊቷን አታሳየኝም።

እናቴ የመጣችው በዐቢይ ጾም ማለቂያ ነው። ከመራዊ ወዲህ ተሻግራ አታውቅም፤ አውቶቡስም ተሳፍራ አታውቅም። ቡሬ ሲደርሱ ሰው ሲወርድ አይታ ደረስን ብላ ወረደች። የቡሬን ሕዝብ አንድ በአንድ "ልጄን መምህሩን አያችሁብኝ?" እያለች ጠየቀች፤ ቡሬም ትልቅ ከተማ ናት። በመጨረሻ አንድ በቆሎ ነጋዴ "እማማ፣ ልጅዎ የሚያስተምረው የት ነው?" አላት። "መንገዱ ሰላም የሆነበት አገር" አለችው። ስሙ ጠፍቶባት ትርጉሙን ይዛ ነው የመጣች። ነጋዴው ስቆ የጭነት መኪናው ላይ ከፊት አስቀምጦ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሰልኝ። ክፍል ውስጥ ሆኜ ድምጿን ሰማሁ፤ ዘበኛውን እየመረቀችው ነበር። ወጥቼ ሳቅፋት ሰላምታም ሳትጨርስ "ወደ ሴትዮዋ ውሰደኝ" አለችኝ።

እማማ የሻረግ ሲያዩዋት ከመኪናቸው ተነሱ። ይታይሽ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል እናቴ "አንችም ተቀመጭ፣ ልጄ" አለቻት። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግባ ያለኝም የለም።

"እመት የሻረግ" አለች እናቴ፣ "ባለቤቴ ማዕድዎን ጥሎ የወጣው ንቆዎት አይደለም። ፈርቶ ነው። እኛም ቤት አለ።"

እማማ የሻረግ በእጃቸው የቀረውን ጨርቅ መኪናው ላይ አስቀመጡ።

"ታናሽ እህት ነበረችኝ። ባንቻየሁ ትባላለች። በተዳረች በዓመቱ እንደርስዎ ባለቤት ሆነች። አባቴ አታልቅሱ አለ። ስሟ ከእንግዲህ በዚህ ቤት እንዳይነሳ አለ። አላለቀስንም፣ አላነሳነውም። ይኸው ልጄ አክስት እንደነበረችው ዛሬ መስማቱ ነው። እኔም በአፌ ስጠራት ከሞተች የዛሬው የመጀመሪያ ነው።"

ያደግሁበት ቤት ከፊቴ ቆሞ መልኩ ተለወጠብኝ። እናቴ ሁልጊዜ "ብቸኛ ነኝ፣ እህትም ወንድምም የለኝ" ትል ነበር። የአባቴ "አንድ ወገን ይበቃል" ያን ጊዜ ገባኝ። ልጆቻችንን ነበር የፈሩት፤ በእናታቸውም በአባታቸውም በኩል እንዳይመጣባቸው። ለዚህም ነው ለእኔ ያላስረዱኝ። ለማስረዳት ስሟን መጥራት ነበረባቸው። ወባ ብዬ በዋሸሁበት ተቆጥተውኛል፤ እሳቸው ደግሞ በዝምታ ከተወለድኩ ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ዋሽተውኛል። ውሸቱን ከማን እንደተማርኩት ባውቅም በዚያን ሰዓት ልቆጣቸው አልቻልኩም።

እማማ የሻረግ "ከእህትዎ በኋላ ስንት ወለዱ?" አሉ።

"ሰባት።"

"ስንቱ አሉ?"

"ተመስገን፣ ሰባቱም አሉ።"

"ከሰባቱ ጋር ስለ እህትዎ አንድ ቀን አውርተው ያውቃሉ?"

"የለም።"

"እንግዲያው እኔና እርስዎ የምንፈራው ዘሩን ነው ወይስ ዝምታውን?" አሉ። "ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ሲነቃ እኔ የተኛሁ መስዬ እተኛ ነበር። ያፍርብኝ ይሆናል ብዬ። አንድ ቀን ተነስቼ 'ምን ሆንህ?' ብለው ኖሮ ይድን ነበር አልልም። ግን ብለው ኖሮ እላለሁ።"

እናቴ ተነስታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም እሷ ላይ። ይታይሽ አለቀሰች። እኔ ወደ መንገዱ ዞሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ ዓይኗን ጠራርጋ "ይች ልጅ ሱሪውን የማትሰፋለት ለምንድን ነው? የመምህር ያለህ! ቁልፉን በሽቦ አስሮ ይሄዳል እኮ" አለችና ሦስቱም እየሳቁ አዩኝ። በዚያን ቀን ሱሪዬ ተሰፋ።

አባቴ ከፋሲካ በኋላ ብቻቸውን መጡ። ግቢው መሐል ዱላቸውን ተክለው ቆሙና ግቡ ቢባሉ አልገባም አሉ። "ባለፈው እግሬ ቸኩሎ ነበር" አሉ፣ ከመሬቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ። እማማ የሻረግም በር ላይ ቆመው "እግር ይቸኩላል፤ ማዕድ ግን አይሄድም" አሏቸው። አባቴ ገብተው በሉ። ከዚህ ሌላ ይቅርታ በመካከላቸው ሲነገር አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን አባቴ በየዓመቱ ለእማማ የሻረግ አንድ ስልቻ የመራዊ በቆሎ መላክ አላቋረጡም። ያረጁ ጊዜም እኛ ዘንድ መጥተው ሲኖሩ ከይታይሽ እጅ በቀር የማንንም ምግብ አይወዱም ነበር።

ሠርጉ በግንቦት ሆነ። ከፍኖተ ሰላም ሰው የመጣው ጥቂት ነበር። የሒሳብ መምህሩ መጣ፤ እንደመጣ በር ላይ ቆሞ ብዙ አመነታ፣ ከገባ በኋላ ግን ከሁሉም አብልጦ ጨፈረ። የቀሩት መምህራንና የመራዊ ሰዎች ናቸው። ይታይሽ የሙሽራ ቀሚሷን ራሷ ሰፋችው። እንደ ልማዱ በሳምንቱ ወደ ወላጆቼ አገር ለቅልቅል ስንሄድ እማማ የሻረግም አብረውን ሄዱ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ምሳ ተበልቶ ሰው በጥላ ሲያርፍ እናቴ እማማ የሻረግን "አንድ ቦታ ላሳይዎ" አለቻቸው። እኔና ይታይሽ ተከተልን። ከአባቴ ቤት አንድ ወንዝ ማዶ የእናቴ የትውልድ አገር ነው። በእርሻዎች ድንበር ላይ ከአንድ ብሳና ዛፍ ሥር ጥቂት ድንጋዮች ተከምረዋል፤ አራሹ ሁሉ ዙሪያውን እያረሰ ያልፈዋል እንጂ ድንጋዩን አያነሳውም። እናቴ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጠቀች። ከዚያ "ወይኔ እህቴን!" ብላ ጮኸች። እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ያ ድምፅ ወንዙን ተሻገረ።

ሰው ሞተ ተብሎ ሲጮህ በገጠር ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። የሚያርሰው ሞፈሩን ትቶ፣ ሴቶቹ ማጀታቸውን ትተው በየአቅጣጫው ሲመጡ አየን። አባቴም ወንዙን ተሻግረው ከኋላ መጥተው ቆሙ። "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያሉ ደረሱ።

"እህቴ" አለች እናቴ።

"መቼ?"

"ሃያ አምስት ዓመት አለፋት።"

ወጣቶቹ ተያዩ። አዛውንቶቹ ግን መሬት መሬት አዩ፤ እነሱ ያውቃሉ። እናቴ ደረቷን እየመታች ይህን አለች፦

"ሰው ሲሞት ዝም ማለት፣ ስምን አብሮ መቅበር፣
ባንቻየሁ እህቴ፣ ባንቻየሁ ባገር።"

ስም ይሁን ወቀሳ የሰማ ሁሉ ገብቶታል። ያን ጊዜ ከቀበሯት አንዱ የነበሩ ሽማግሌ ወጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙት። "እግዜር ያጽናሽ፣ እቴ" አሏት። "ዘገየን።" ከዚያ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው ማልቀስ ጀመሩ፤ ያላወቋትም ጭምር አለቀሱላት።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ለሠርግ ሄደን ለቅሶ ተቀምጠን ተመለስን። ከማግስቱ ጀምሮ የሁለቱ መንደር ሴቶች እዝን ተሸክመው ይመጣሉ፤ አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ጠላ። እኔና ይታይሽ ሙሽሮች ነን ብሎ የሚያስታውሰን አልነበረም፤ ውኃ ስንቀዳ ዋልን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ምግብ እያዳረሰች ስትመጣ እማማ የሻረግን አላወቀቻቸውምና "እማማ፣ እርስዎስ የማን ዘመድ ነዎት? ማን ሞቶብዎት ነው?" አለቻቸው።

እማማ የሻረግ ቀና አሉ። "ባለቤቴ ሞቶብኝ ነው፣ ልጄ" አሉ። "ይግዛው ይባላል።"

"እግዜር ያጽናዎት" አለችና ልጅቱ ጎንበስ ብላ ምግቡን አቀረበችላቸው።